የሐቢባ መሐላና የዥጉርጉሮቹ ውሾች ነገር

እኔ ስህን ይመር፣ ዕድሜዬ ሰባ አራት ዓመት፣ ትውልዴም ኑሮዬም በአምባሰል ከውጫሌ በላይ ባለው ደጋ የሆነ፣ ዛሬ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በገዛ ቤቴ መደብ ላይ ተቀምጬ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ማንም ሳያባብለኝ፣ ከእኔ በኋላ የሚጸናውን ቃሌን እናገራለሁ። አእምሮዬ ሙሉ ነው። የጎደለው ቀኝ ጎኔ ነው። ካለፈው ሰኔ ወዲህ ከትከሻዬ እስከ እግሬ ጣት በመርፌ ቢወጉኝም አይሰማኝም። አንደበቴም አብሮ ተይዞ ነበር፤ እሱ ግን በኅዳር ተመለሰልኝ። ለምን እንደተመለሰ ብዙ አስቤበታለሁ፤ ለዛሬው ጉዳይ ይመስለኛል።

ጸሐፊዬ አቶ ምስጋናው ነው፤ ሠላሳ ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ጽፎ ጡረታ የወጣ ሰው። የምለውን ሁሉ እንዲጽፍ፣ እንዳያሳጥርም እንዳያሳምርም ነግሬዋለሁ። «እትዬ ስህን፣ እኔ ኑዛዜ እንጂ ታሪክ አልጽፍም» አለኝ። ታሪኩ ካልተጻፈ ኑዛዜውም ይቅር አልኩት። ብዕሩን አነሳ።

ሕጉ አራት ምስክር ይላል። ሦስቱ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። አንደኛው ሙሐዲን ነው፤ የበግ ደላላ፣ የውጫሌን ገበያ ከኔ በላይ የሚያውቅ። ሁለተኛው አጥር የምንጋራው ጎረቤቴ ውበቱ ነው። ሦስተኛዋ መቅዲ ናት፤ ከታመምኩ ጀምሮ የምታገላብጠኝና የምታጥበኝ። ምስጋናው እንደ ቀድሞ የችሎት ልማዱ ሦስቱንም አምሏቸዋል፤ ሙሐዲን በአላህ፣ ውበቱና መቅዲ በሚካኤል። አራተኛው ዛሬ ጧት ለቅሶ ተጠርቶ ወረደ። «እስክንጨርስ አንድ ሰው አይጠፋም» ብሏል ምስጋናው። እንግዲህ እጀምራለሁ።

አንደኛ። ቀብሬ በሚካኤል፣ ከባለቤቴ ከአስረስ ጎን ይሁን። አስረስ በሕይወቱ ሳለ መኝታ ይሻማኝ ነበር፤ አሁን ይጠጋልኝ። ድግስ አይደገስ። የመጣ ሰው ንፍሮ ቀምሶ ይሂድ።

ሁለተኛ። ይህ ቤትና በስሜ ያለው የእርሻ ይዞታዬ ለልጄ ለፈንታሁን አስረስ ይሁን። ፈንታሁን በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። የምሰጥህ ሌላ ልጅ ስለሌለኝ ብቻ አይደለም። ሥራ አትጠላም፤ ይህን ለማንም እመሰክራለሁ። የማትወርሰውን ደግሞ ወደ ኋላ ትሰማለህ፣ አትቸኩል።

ሦስተኛ። ሃያ ሦስቱ በጎቼ ለፈንታሁንና ለልጁ ለእድላዊት እኩል ይከፈሉ። የተረፈችውን አንዷን እድላዊት ትውሰድ፤ የእንስሳት ሐኪም ስለሆነች በእሷ እጅ አትሞትም።

አራተኛ። ከውበቱ ማጭድ ተውሼ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ሲጠይቀኝ ጠፋ አልኩት። አልጠፋም፤ ከጣሪያው ሥር ተሰክቷል። ከእኔ ማጭድ ይሻላል፣ ለዚህ ነው። ውበቱ «አውቅ ነበር» አለ። ማወቁም ይጻፍ።

አምስተኛ። ወደ ውሾቹ መጣሁ።

የዚህ ቤት ውሾች ዘር የመጣው ከሩቅ ነው። አስረስ በወጣትነቱ በደጋው የበግ ማራቢያ ዘበኛ ሳለ አንድ ፈረንጅ በግ የምትሰበስብ ውሻ ነበረችው። ሲሄድ ለአስረስ ትቶለት ሄደ። የሀገራችን ውሻ ጅብ ያባርራል፣ ሌባ ይይዛል፤ እሷ ግን በጎቹን ዞራ ከገደሉ አፋፍ ትመልስ ነበር። የእኛን ተራራ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ከእሷ በፊት በየክረምቱ ሁለት ሦስት በግ ገደል ይገባብን ነበር። መልኳ ዥጉርጉር ነው፤ አመድማ መደብ ላይ ጥቁር የተረጨበት፣ አንዱ ዓይኗ ቡናማ አንዱ ሰማያዊ። ሰው መጀመሪያ ፈራት፣ ቆይቶ ወደዳት።

ከእሷ ወዲህ በየትውልዱ አንዳንድ ዥጉርጉር እየወጣ እስከ ነብሮ ደረሰ። ነብሮ ወንድ ነው፣ በዘመኔ ካየሁት ውሻ ሁሉ የሚበልጥ። ከእሱ እስከ ፈረንጁ ውሻ ድረስ ያለውን ዘር በቃሌ እቆጥር ነበር፤ ዛሬም እቆጥራለሁ። እኛ ልጅ ስንድር ሰባት ቤት እንቆጥራለን። ለውሻም መቁጠር እንደሚገባ ያሰብኩ እኔ ነኝ። ሰው ይስቅብኝ ነበር። ሰው ውሻውን እንደ ንፋስ ይለቀዋል፤ እኔ ግን ዘመድ ከዘመዱ አላገናኝም እያልኩ እኮራ ነበር። ኩራቴ ነው ያሳሳተኝ፤ ሳልቆጥር የቀረሁ ሰው ብሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባላደረግሁ።

እስከዚያ ድረስ ዥጉርጉሮቹን የምናገናኛቸው ከመንደሩ ቀይና ጥቁር ውሾች ጋር ነው። ከሚወለዱት እኩሌታው ዥጉርጉር ይሆናል፣ እኩሌታው አይሆንም። ታዲያ ገዢ ሁሉ ዥጉርጉሩን ይላል። እኔም ሁሉም ዥጉርጉር ቢሆኑልኝ ብዬ ተመኘሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለእኔ ነው።

ሐቢባ አብደላን አብዛኞቻችሁ ታውቋታላችሁ፤ ለማያውቃት ግን ይጻፍ። ሐቢባ የሐይቅ ሰው ናት። ከደጋ በግ እየገዛች ሐይቅ ወስዳ ትሸጥ ነበር። ስትመጣ እዚህ ቤት ታድራለች፣ እኔም ወደ ሐይቅ ስወርድ እሷ ቤት አድራለሁ። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ኖርን። ለኔ በዓል በግ መርጣ ትልክልኛለች፣ ለኢዷ ቅቤ እልክላታለሁ። ባለቤቷ ሀምዳን የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። እሱ ከአዲስ አበባ ዥጉርጉር ውሻ አምጥቶላት፣ ከዚያች የተወለደች ዳልቼ የምትባል ዥጉርጉር ሴት ውሻ ነበረቻት። ሸሪዓው ለመንጋ ጥበቃ ይፈቅዳል ብላ ነው የያዘቻት፤ ከቤት አታስገባትም፣ ቀሚሷን ከላሰቻትም ታጥባ ነው የምትሰግደው። ሀምዳን ከሞተ በኋላ ዳልቼን አብልጣ ወደደቻት።

በ2006 ዓ.ም. ነብሮን ከዳልቼ እናገናኝ አልኳት። በመካከላችን የሄደው ሙሐዲን ነው። ለቀልድ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዱላ ይዞ፣ «ለልጃችን ልጃችሁን» ብሎ እንደ ሽማግሌ ቆመ። ሐቢባ እስክትወድቅ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ዘሯን ቁጠሪልኝ አልኳት።

«ስህኔ፣ የምንድረው ውሻ ነው ወይስ ልጅ?»

«ቁጠሪ ብያለሁ።»

ሁለት ቤት ቆጠረች። ከዚያ በላይ ያለውን ሀምዳን ነበር የሚያውቀው፣ እሱም አፈር ገብቷል። «እናቷ ከአዲስ አበባ እንደመጣች አውቃለሁ፤ አምባሰልን ረግጣ አታውቅም። ካንቺ ውሻ ጋር አንድ ደም የላትም፣ ወላሂ» አለችኝ። ይህን ሙሐዲን በጆሮው ሰምቷል። እኔም አመንኳት።

ዳልቼን አምጥታ እኔ ዘንድ ተወቻት፤ እዚሁ ስምንት ቡችሎች ተወለዱ። ሁለቱ ጥቁር፣ አራቱ ዥጉርጉር። ሁለቱ ነጭ ናቸው፤ እንደ ጥጥ። ዓይናቸው ሲከፈት የአንዱ ዓይን ጨርሶ የለም፣ ቆዳ ነው። የሌላዋ አለ፤ ግን ትንሽና የፈዘዘ። በጆሯቸው አጠገብ ድስት ብንደበድብ አይሰሙም። አንዱ በሳምንቱ ሞተ። ዓይኗ የፈዘዘው ተረፈች፣ ጥጤ አልናት።

እኔ ከቁጥሬ ውጭ ሌላ ምክንያት አላውቅም ነበር። ዘመድ ከዘመድ ካልተገናኘ እንዲህ ያለ አይወለድም ብዬ አመንኩ። እኔ ቆጥሬያለሁ፤ ስለዚህ የዋሸችው እሷ ናት። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ጥጤን በቅርጫት ይዤ ውጫሌ ወረድኩ። በበግ ተራው መሐል፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ቡችላዋን ከፍ አድርጌ ይዤ «እቺ ሴት በአላህ ስም ምላ ዋሽታኛለች» አልኩ።

ሐቢባ አልጮኸችም። «ስህኔ፣ እኔን እንደፈለግሽ ስደቢኝ፤ መሐላዬን ግን አትንኪብኝ» አለች። እኔ ደግሜ ተናገርኩ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ሐቢባ «ይህቺ በግ በሽታ የለባትም» ስትል ገዢው «እንደ ውሻዋ ነው?» ይላል። ሰው ሲዋሽ የተያዘ እንደሆነ «የሐቢባ መሐላ» ይባልበት ጀመር። እሷን አይተው የማያውቁ ልጆች እንኳ ይሉታል። ሙሐዲን፣ አንገትህን አትድፋ፤ አንተም ብለሃል። በዓመቱ በግ መነገዱን ተወች። ዛሬ ሐይቅ ዳር ዓሣ ትሸጣለች። ዓሣ መሐላ አይፈልግም፤ ገዢው ከጉንጩ ሥር ገልጦ መቅላቱን አይቶ ይገዛል።

ጥጤን ያላስጣልኳት አዝኜላት አይደለም። ማስረጃ ትሁነኝ ብዬ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «የሐቢባን ውሸት እዩ» እል ነበር። መሬቱን በእግሬ ስመታ መንቀጥቀጡ ይሰማታል፣ በዚያ ነው የምጠራት። አሁን እግሬ ስለማይታዘዝ በዱላ እመታላታለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። ይኸው እዚህ ከመደቡ ሥር ተኝታለች።

ስድስተኛ። ይህን ጠንቅቀህ ጻፍ፣ ምስጋናው።

የዛሬ ስድስት ዓመት እድላዊት ትምህርቷን ጨርሳ መጣችና ጥጤን አየቻት። ወላጆቿን ጠየቀችኝ። ሁለቱም ዥጉርጉር ናቸው አልኳት። «እማማ፣ ይኼ የዝምድና ነገር አይደለም፣ የቀለሙ ነገር ነው» አለች። እንዴት አልኳት። ባቄላና አተር አምጥታ መዳፌ ላይ አኖረች። ያኔ መዳፌ ይሰማኝ ነበር።

እንዲህ ነው። ውሻ ሁሉ ስለዚህ መልክ ሁለት ፍሬ ይይዛል፣ አንዱን ከአባቱ አንዱን ከእናቱ። ባቄላው ተራ መልክ ነው፣ አተሩ ዥጉርጉርነት። ሁለት ባቄላ የያዘ አንድ ወጥ ነው። አንድ ባቄላና አንድ አተር የያዘ ዥጉርጉር ነው፣ ጤነኛም ነው። ወላጅ ለልጁ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይሰጣል፤ የትኛውን እንደሚሰጥ የሚያዘው የለም። ዥጉርጉር ከወጥ ጋር ሲገናኝ ከአንዱ ወገን ሁልጊዜ ባቄላ ስለሚመጣ ለማንም ቡችላ ሁለት አተር አይደርሰውም። ዥጉርጉር ከዥጉርጉር ሲገናኝ ግን በየአንዳንዱ ቡችላ ከአራት አንድ ዕድል አለ፤ አተር ከእናት፣ አተር ከአባት። ሁለት አተር የደረሰው ይነጣል፣ ጆሮውንና ዓይኑንም ያጣል። ጨው እንደማብዛት ነው፤ አንዱ እፍኝ ያጣፍጣል፣ ሁለተኛው ወጡን ያስደፋል።

«ሰባት ቤት የቆጠርኩትስ?» አልኳት።

«ሰባም ብትቆጥሪ አተሩ አተር ነው። የሐቢባ ውሻ ባዕድ መሆኗ ምንም አልቀየረም። እውነቷን ነው የነገረችሽ።»

እኔ በቃል የማምን ሰው አይደለሁም። ነብሮን ከጥቁር ውሻ ጋር አገናኘሁት፣ ሦስት ጊዜ። ሃያ አንድ ቡችላ ተወለደ፤ አንድም እንደ ጥጤ የነጣ፣ አንድም የደነቆረ የለም። ያን ጊዜ አወቅሁ። ሐቢባ አልዋሸችም። ስህን ናት የዋሸችው፣ ያውም ሳታውቅ፤ ካወቀች በኋላ ደግሞ እያወቀች።

ስድስት ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ስህን ተሳሳተች እንዳይባል ነው። ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ሦስት ጊዜ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሐይቅ ወርጃለሁ። አንድ ጊዜ ከሩቅ አየኋት፣ ዓሣ ስትመዝን፣ ፀጉሯ ከሻሿ ሥር ሸብቶ። ጨው ገዝቼ ተመለስኩ። ጦርነቱ ሐይቅ በደረሰ ጊዜም በሕይወት ትኑር አትኑር አልጠየቅሁም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። በራሱ አይጠራም፤ አንድ ሰው ተነሥቶ መስኮቱን መክፈት አለበት። እኔ አልከፈትኩም።

አላለቀስኩም፤ ዕንባ የሚጠይቅ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን አልመጣም። በቀኝ ጎኔ ያለው ነገር ወደ ውስጥም ሳይገባ አልቀረም። ስለዚህ ያለ ዕንባ እናገራለሁ፦ ሐቢባ አብደላ በ2006 ዓ.ም. የማለችው መሐላ እውነት ነበር። በውጫሌ ገበያ የተናገርኩት ሐሰት ነበር። ይህ ቃል ከሞትኩ በኋላ በዚያው በበግ ተራ፣ በገበያ ቀን፣ ሰው በሞላበት ሰዓት ጮክ ተብሎ ይነበብ። አንባቢው ሙሐዲን ይሁን፤ ድምፁ ትልቅ ነው።

ፈንታሁን «እማዬ፣ በሰው ፊት?» አለ። እሷን ያዋረድኳት በማን ፊት ነበር?

ሰባተኛ። ዳማ የሚባለው ዥጉርጉር ወንድና ጥቁሬ የምትባለው ሴት ለሐቢባ አብደላ ይሰጡ። ልክ የሆነ ጥንድ ነው፤ አንዱ ዥጉርጉር፣ አንዷ ወጥ። እንድትሰማ ትናንት እድላዊትን ልኬባታለሁ። እመጣለሁም አልመጣምም አላለችም ብላ እድላዊት ደውላልናለች።

ስምንተኛ። ውሾቹን አትወርስም ያልኩህ አንተን ነው፣ ፈንታሁን። ምክንያቱ ይኸው። አምና ዳማን ከደሴ ከመጣች ዥጉርጉር ጋር በስውር አገናኘህ። የባቄላውን ነገር ታውቃለህ፤ ልጅህ ናት ያስተማረችን። «እማዬ፣ የከተማ ገዢ ሰማያዊ ዓይን ነው የሚፈልገው» አልከኝ። ሦስት ነጭ ተወለዱና ጉድጓድ ውስጥ ጣልካቸው። ያኔ በእግሬ እሄድ ነበር፣ አይቻቸዋለሁ። እኔ ያጠፋሁት ባለማወቅ ነው፣ አንተ ግን አውቀህ ነው። ልጄ ነህና አልረግምህም፤ ውሻ ግን አልሰጥህም። ቀለም በግን ከገደል አይመልስም።

ለሚይዛቸው ሁሉ ምክሬ ይህ ነው። ዥጉርጉርን ከዥጉርጉር አታገናኙ፣ ዘመድ ይሁን ባዕድ። ዘመድ ከዘመድ ደግሞ በሌላ ምክንያት ክፉ ነው፤ ቁጥሬን አልተውኩም። ቀዮ የምንለውን ቀዩን ወንድ ውሻ ተጠንቀቁ። ቀዮን ያየ ሰው ዥጉርጉር አይለውም፣ አባቱ ግን ነብሮ ነው። ቀይ ጸጉር አተሩን ይደብቃል ብላለች እድላዊት። በጣም ሩቅ አገር ካልሆነ የሚመረምረውም የለም። ስለዚህ እንደ ዥጉርጉር ቁጠሩትና ከወጥ ጥቁር ጋር ብቻ አገናኙት፣ ወይም ጨርሶ አታራቡት። ጥቁር የሚመስለውንም ቡችላ ዓይኑ ሳይከፈት ብርሃን ላይ አገላብጣችሁ እዩ፤ አንዳንዱ ጅራቱ ጫፍ ላይ ብቻ ነው ምልክቱ። ለገዢ ስትሰጡም አባትና እናቱን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ። መሐላ አትጠቀሙ።

እዚህ ስደርስ ውሾቹ ጮኹ። ሰው መጣ። ምስጋናው ብዕሩን አኖረ፤ ጻፍ አልኩት፣ የሚሆነውን ሁሉ ጻፍ።

እድላዊት ቀድማ ገባች። ሐቢባ ከኋላዋ ናት። ባጃጁ ከሚደርስበት ወዲህ በእግሯ ወጥታ ኖሮ ትንፋሿ ያጥራል። ውሾቹን ስታይ እንደ ድሮው የቀሚሷን ጫፍ ሰበሰበች። «አሰላሙ ዓለይኩም» አለች ለሙሐዲን፣ «እንደምን ዋላችሁ» ለሌሎቹ። ወደ እኔ አልዞረችም። በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

ምስጋናው ከአምስተኛው ጀምሮ እስከ ሰባተኛው አነበበላት። «ጨው ገዝቼ ተመለስኩ» የሚለው ላይ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ፣ ከዚያ ወደ መደቡ ሥር።

«ይህቺ ናት?»

«እሷ ናት» አልኩ።

በእግሯ መሬቱን ሁለት ጊዜ መታች። ጥጤ ራሷን አነሣች። ሐቢባ ረጅም ጊዜ አየቻት፣ አልነካቻትም።

«ይቅር በይኝ፣ ሐቢባ» አልኩ።

«አሥራ አንድ ዓመት ነው፣ ስህኔ» አለች። እኔም ይቅርታዋን ደግሜ አልለመንኩም።

«ውሾቹን አልወስድም» አለች። «በግ የለኝ። ዓሣ በውሻ አይጠበቅም።» ከዚያ ወደ ምስጋናው ዞረች። «ምስክሮቹን ስቆጥር ሦስት ናቸው። ሕጉ ስንት ይላል?»

«አራት።»

«እንግዲያው አራተኛዋ እኔ ነኝ።»

ምስጋናው መነጽሩን አወለቀ። የሚወርስ ሰው ምስክር ሊሆን አይገባም፣ ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ አላት። «መርጫለሁ እኮ» አለች። ሰባተኛውን ሰረዘው። እኔም ውሾቹ ሁሉ፣ ዳማ፣ ጥቁሬና ቀዮ፣ ለእድላዊት ይሁኑ ብዬ አስተካከልኩ። ጥጤም ከእኔ በኋላ ከቆየች የእድላዊት ናት፤ መሬት እየመታች ትጥራት።

ምስጋናው እንደ ልማዱ ሊያምላት ቆመ። «በአላህ ስም ያዩትንና የሰሙትን...»

«አልምልም» አለች ሐቢባ። ድምፅዋ አልተለወጠም። «ከዚያ የገበያ ቀን ወዲህ በምንም ምዬ አላውቅም። አየሁ፣ ሰማሁ እላለሁ። ካልበቃችሁ ባጃጁ ታች እየጠበቀኝ ነው።»

«ሦስቱ ምለዋል፤ ለአንድ ሰው ሥርዓት ሲለወጥ...» አለ ምስጋናው።

ሙሐዲን ከመቀመጫው ተነሣ። «ያን ቀን ወላሂ ስትል እኔ አጠገቧ ነበርኩ» አለ። «እውነት መሆኑን አላውቅም ነበር፣ ውሸት መሆኑንም አላውቅም። ገበያው ሲስቅ አብሬ ሳቅሁ። ጻፍ። የሷ ቃል ይበቃል።» ውበቱ «ይበቃል» አለ። መቅዲም ራሷን ነቀነቀች። ፈንታሁን ከበሩ ላይ ፈቀቅ ብሎ ብርሃን አስገባልን።

ኑዛዜው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነበበልኝ። ቃሌ ነው። የመሬት ደብተሬ ላይ ያለው የቀኝ አውራ ጣቴ አሻራ ስለሆነ እዚህም እሱ እንዲያርፍ ምስጋናው አዘዘ። እጄ አልነሣ አለ። መቅዲ ልትመጣ ስትል ሐቢባ ቀደመቻት። ጣቴን ወደ ቀለሙ፣ ከቀለሙ ወደ ወረቀቱ ወሰደችው። እጇ ይሙቅ ይቀዝቅዝ አላውቅም፤ በዚያ በኩል አይሰማኝም። ከታተመ በኋላም እንዳልለቀቀችኝ ግን አየሁ።

ተናዛዥ፦ ስህን ይመር (የቀኝ አውራ ጣት አሻራ)

ጸሐፊ፦ ምስጋናው (ፊርማ)

ምስክሮች፦

1ኛ ሙሐዲን፣ ምሎ ፈርሟል።

2ኛ ውበቱ፣ ምሎ ፈርሟል።

3ኛ መቅዲ፣ ምላ ፈርማለች።

4ኛ ሐቢባ አብደላ፣ የሐይቅ ከተማ ነዋሪ፣ ሳትምል ፈርማለች። ቃሏ በቂ መሆኑን ሌሎቹ ሦስት ምስክሮች መስክረዋል።